ከክረምት በፊት የተከፈለ ቀብድ

ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሻምበል ጉግሳ
ሐዋሳ

ጋሼ፣ እንደምን ሰነበትክ? እማዬ ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት፤ እኔም ከአንተ ደብዳቤ በቀር ደህና ነኝ። ሙቀቱ ዘንድሮ ብሶበታል። ከቀትር በኋላ ግማሹ ከተማ ይተኛል፣ ግማሹ ይቅማል፤ እኔ ብቻዬን ቁጭ ብዬ የአንተን ቁጣ አነባለሁ።

አዎ፣ እውነት ነው፤ ቤት ልገዛ ነው። የራሴን ገና አልሸጥኩም። አላበድኩምም። ማን እንደነገረህም አውቃለሁ፤ የሁርሶ ጦር ማሠልጠኛ ጓደኛህ አለምብርሃን ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ የሰው ጉዳይ መጠበቅ መደበኛ ሥራው ሆኗል።

ብትሰማ ኖሮ እኔው በስልክ እነግርህ ነበር። መድፉ ጆሮህን ከወሰደው ወዲህ ግን አንተ «ምን?» ትላለህ፣ እኔ እጮኻለሁ፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። የስልክ መልእክት እንዳልልክልህ ደግሞ «ይሄ ደብዳቤ አይባልም» ብለህ መልስ አትሰጥም። ስለዚህ ወረቀት ይሁን። ወረቀት ላይ ሳይጮኹም መቆጣት እንደሚቻል አሳይተኸኛል።

ቤቱ ከወንዙ ማዶ፣ መጋላ ሰፈር ነው፤ ከገበያው አልፈህ ወደ ዳገቱ ስትወጣ ታገኘዋለህ። ፊት ለፊት አራት ክፍል፣ ከኋላ ሁለት ትንንሽ ክፍሎች፣ መሀል ግቢው ላይ አንድ የኒም ዛፍ አለው። ባለቤቷ ሰምሰም ትባላለች። ከጅቡቲ ጨርቅ እያስመጣች ትነግድ የነበረች፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ልጆቿ ጅቡቲ ናቸው፤ «ብቻሽን ምን ታደርጊያለሽ፣ ሽጠሽ ነይ» ብለዋታል።

የእቁቤን ብር ቀብድ ከፈልኩ። ቀሪውን እስከ ሰኔ መጨረሻ ልሰጣት ተፈራርመናል። እኔ ከቀረሁ ቀብዱ ይቀራል፤ እሷ ከቀረች እጥፍ አድርጋ ትመልሳለች። ውሉን ሁለታችንም በመነጽራችን አንብበነዋል።

«ቤትሽ እስከዚያ ካልተሸጠስ?» ብለህ ሁለት ጊዜ አስምረህበታል። ይሸጣል። ከማስተማር ደመወዜ እየቆጠብኩ፣ ባለቤቴም ነፍሱን ይማረውና ከጎኔ ሆኖ የሠራነው ቤት ነው፤ ካርታው በስሜ ነው፣ መሸጡም የእኔ ነው። በዚህ ነገር አላስፈቀድኩህም፤ አላስፈቅድህምም።

እማዬ «ሳሚልኝ» ብላለች። እኔ አልሳምኩህም፤ ተቆጥተሃል።

እህትህ እፀገነት


ሐዋሳ፣ ሚያዝያ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእፀገነት

ሰላምታዬ ይድረስሽ። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ልጄም ባሏም ደህና ናቸው፤ ጠዋት ወጥተው ማታ ይመለሳሉ።

አለምብርሃንን አትውቀሺው። የነገረኝ የሚገባውን ነው። ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይሸጣል፣ ከዚያ ይገዛል። አንቺ ግን ያልያዝሽውን ምሽግ ተማምነሽ የያዝሽውን ለቀቅሽ። እኔ ይህን ያደረገ ወታደር ቢኖር ኖሮ ማዕረጉን እገፍፈው ነበር።

ደግሞስ መጋላ ለምን? እማዬ ዕድሜዋ ሰማንያ አልፏል። ቤተ ክርስቲያኗ ከወንዙ ማዶ ይቀራል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ቢያማት መኪና አይገባም። የሚያውቃት ሰው የለም። ነገ አንቺን አንድ ነገር ቢያገኝሽ ማን ውሃ ያቀብላታል?

አሁን የማዝሽን አድርጊ። ወደ ሴትየዋ ሄደሽ ቀብድሽን ለምኚ። እምቢ ካለች ይቅር፤ የተከፈለው ይበቃል፣ ሌላ አትጨምሪበት። እማዬን ወደ እኔ ላኪያት። እዚህ ክፍል አለ፣ አየሩ ጥሩ ነው። አንቺ እዚያው ባለሽበት ተቀመጪ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ያ ቤት ሃያ ዓመት ኖረሽበታል። ዛሬ ምን አደረገሽ? ይህን ያህል የሚያስቸኩልሽ ምንድን ነው?

ወንድምሽ ጉግሳ


ድሬዳዋ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

«ምን አደረገሽ?» ብለህ ጠይቀሃል። ልንገርህ። ቁጭ ብለህ አንብበው።

ባለፈው ነሐሴ «ትንሽ ውሃ መጥቶ ነበር፣ አለፈ» ብዬ ጽፌልህ ነበር። ትንሽ አልነበረም። ያን ቀን እዚህ ጠብ ያለ ዝናብ የለም፤ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። የጣለው ላይ፣ ደንገጎ ተራራ ላይ ነው። የደቻቱ ወንዝ ጠዋት ኳስ የሚጫወቱበት ደረቅ አሸዋ ነበር። የእማዬን መድኃኒት ልገዛ ድልድዩን ተሻግሬ መጋላ ሄጄ ነበር። ከመድኃኒት ቤቱ ስወጣ ሰው ሁሉ ወደ ወንዙ ይሮጣል።

ስደርስ ድልድዩ ተዘግቷል። ውሃው ዛፍ ይዞ፣ በግ ይዞ፣ የሰው በር ይዞ ይወርዳል። «እናቴ ብቻዋን ናት» ብዬ ጮህኩ። ፖሊሱ ክንዴን ያዘኝና «እትዬ፣ የእኔም እናት እዚያ ናት» አለኝ።

ጎረቤታችን ዐብዲቃድር፣ የአይሱዙው ሹፌር፣ በሩ አልከፈት ሲለው የመስኮቱን ፍርግርግ ገንጥሎ ገባ። እማዬን አዝሎ ወጣ። ውሃው ወገቡ ድረስ ነበር። መኪናው ላይ፣ ጭነቱ ላይ አስቀመጣት። ከማዶ ሆኜ ነጠላዋን ለየሁት። እጇን አንስታ ነበር፤ ድረሱልኝ ማለቷ ይሁን ደህና ነኝ ማለቷ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። ድልድዩ እስኪከፈት እንዲሁ ስንተያይ ቆየን።

ጋሼ፣ የቆምኩበት መሬት ደረቅ ነበር። ዞሬ ወደ ላይ፣ ወደ ዳገቱ ሳይ አንዲት ሴት ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። ልብስ! እኔ እናቴን በውሃ ልነጠቅ ነው፣ እሷ አንሶላ ታሰጣለች። ተናደድኩባት። ኋላ ቤት ስፈልግ መጀመሪያ ወደዚያ ዳገት ነው የወጣሁት። እማዬን ይዤ ሌላ ክረምት እዚህ አልከርምም። የሚያስቸኩለኝ ይኸው ነው።

አሁን ስለ ሽያጩ ልንገርህ። በድሩ የሚባል ደላላ ይዣለሁ። ባለፈው ሳምንት መጣና ሳሎኑ ግድግዳ ላይ ውሃው የተወውን ቡናማ መስመር አየ።

«ቲቸር፣ ይቺን ቀለም አስቀቢያት» አለኝ።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ትሸጫለሻ!»

«የገዛውስ ሰውዬ?»

«እሱ ደግሞ በተራው ቀብቶ ይሸጣል፣ አቦ! አንቺ ምን አገባሽ?»

ቀለም እንኳን ላስቀባ፣ መስመሩን ጋርዶት የነበረውን ቁም ሳጥን ከግድግዳው አስነሳሁት። የመጣ ሁሉ ይየው። በድሩ አኩርፎ ሄዷል። ካኮረፈ ያኩርፍ።

እህትህ እፀገነት


ሐዋሳ፣ ግንቦት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእፀገነት

ደብዳቤሽን ኪሴ ውስጥ ይዤ ቀናት ዞርኩ። ለልጄ ማንበብ ጀመርኩላት፤ መጨረስ አቃተኝ፤ ወስዳ ራሷ አነበበችው።

ለምን ደበቅሽኝ ብዬ ልቆጣ ነበር፤ ትቼዋለሁ። ዐብዲቃድርን ግንባሩን ሳሚልኝ። ወታደር ቤት ሃያ ስምንት ዓመት ኖሬ እንደሱ ያለ ሰው በጣት የሚቆጠር ነው ያየሁት።

ነገር ግን ሐሳቤ ያው ነው። እንዲያውም አሁን ባሰብኝ። ውሃ የሚገባበትን ቤት ማን ይገዛሻል? ገዢ ቢመጣ እንኳ መስመር እያሳየሽ ታባርሪያለሽ። ገዢ ዐይን አለው፣ ራሱ ይይ። አንቺ ዝም ብትዪ ዋሸሽ የሚልሽ የለም። ካልሆነም አከራዪው፤ በኪራዩ ሌላ ቤት ትከራያለሽ።

እማዬን አሁኑኑ ላኪያት። የክረምቱ ነገር ከሆነ ጭንቀትሽ፣ መፍትሔው እሱ ነው።

የሴትየዋን ሙሉ ስምና የቤቷን ምልክት ጻፊልኝ። እንዲሁ ለማወቅ ያህል ነው።

ወንድምሽ ጉግሳ


ድሬዳዋ፣ ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ?

የዐብዲቃድርን ግንባር ስምህን ጠርቼ ስሜዋለሁ። «ሻምበሉ ይምጣና ራሱ ይሳመኝ» ብሏል።

ሰምሰም ትባላለች ብዬሃለሁ። እንዲሁ ለማወቅ ያህል ከሆነ ይሄው ይበቃሃል።

ሐዋሳ ስለመሄድ እማዬን ጠየቅኳት። መልሱን ራሴ ልናገር ስላለች ከአፏ እየተቀበልኩ የጻፍኩትን ይኸው፦ «ጉግሳዬ፣ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይስጥህ። ከተማህ ሐይቅ ዳር ነው አሉ። ከወንዝ ዳር አንስተህ ሐይቅ ዳር ልታስቀምጠኝ ነው? እኔ ከእንግዲህ ውሃ በማሰሮ ብቻ ነው ማየት የምፈልገው። ቤተ ክርስቲያንም ቢሆን ዛሬም በባጃጅ ነው የምሄደው፤ ከመጋላም በባጃጅ እሄዳለሁ። እፀገነትን አትጨቅጭቃት፣ እሷ አባትህን ናት።» ይህን ስትናገር እየሳቀች ነበር፤ የመጨረሻውን ስትናገር ግን አልሳቀችም።

አከራዪው ላልከኝ፦ ማንን ላሳድርበት? አንተ ንገረኝ። ስሙን ንገረኝ።

ገዢ መጥቶ ነበር። በድሩ ኩርፊያውን ረስቶ አንድ ወጣት ባልና ሚስት ይዞ መጣ። ሚስቲቱ ሑዳ ትባላለች፤ ሁለት ሕፃናት በእጇ ይዛለች፣ አንድ ደግሞ በሆዷ አለ። ቤቱን ወደዱት። ባልየው ዋጋም ብዙ አልተከራከረም። በድሩ ከኋላቸው ቆሞ በዐይኑም በቅንድቡም «ዝም በይ» ይለኛል። አንተም ከሐዋሳ ሆነህ «ዝም በይ» ትለኝ ነበር፤ ደብዳቤህ መሳቢያው ውስጥ ነበር።

ምን እንዳሰብኩ አልዋሽህም። ሰኔ እየመጣ ነው። ዝም ብል እናቴ ዳገቱ ላይ ትሆናለች። ደግሞም መስመሩ ያለው እዚያው ነው፣ አልሸፈንኩትም፣ ማየት የነሱ ፋንታ ነው አልኩ። ሁለተኛዋ ልጅ ሮጣ ሄዳ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ያን ጊዜ ተናገርኩ።

«ባለፈው ክረምት ውሃ ገብቷል።»

ሑዳ መጥታ መስመሩን በመዳፏ ነካችው። «እስከዚህ?»

«እስከዚህ።»

ልጅቱን አየቻት። መዳፏን ከመስመሩ ሳታነሳ «የእኔ ልጆች ከዚህ በታች ናቸው» አለች። ልጆቿን ሰብስባ ወጣች። በሩ ላይ ግን ተመልሳ እጄን ያዘችኝ።

በድሩ ጨርቁን ሊጥል ምንም አልቀረው። «ቲቸር፣ አንቺ ቤት ነው የምትሸጪው ወይስ ሰው የምታባርሪው? በቃኝ!» ብሎ ሄደ። አሁንስ የሚመለስ አይመስለኝም።

እንግዲህ እንደ አንተ ስሌት ከሆነ ሁለቱንም አጥቻለሁ። ይሁን። ለሕፃናት እናት የማልኖርበትን ቤት አልሸጥም፤ ቀብዴንም ሄጄ አልለምንም።

እፀገነት


ድሬዳዋ፣ ሰኔ 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሻምበል ጉግሳ፣

ዛሬ «እንደምን ሰነበትክ» የለም። ጋሼም የለም።

ትናንት ከሰዓት ሰምሰም ድልድዩን ተሻግራ ቤቴ መጣች። ያን ፀሐይ ሰው ሲሸሸው እሷ በባጃጅ መጣች። ቁጭ ሳትል ጀመረች።

«ወላል» አለችኝ፤ በሶማሊኛ እህቴ ማለቷ ነው። «አንድ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ቤቴ መጣ። በዚህ ሙቀት ካፖርት! ወንድምሽ ልኮት ነው። የሻምበሉ እህት ገንዘብ የላትም፣ ቤቷንም የሚገዛት የለም፣ ውሉን አፍርሺና ከቀብዱ ግማሹን መልሺላት አለኝ። እውነት ነው?»

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አለምብርሃንን ላክህባት! ስሟን ስትጠይቀኝ «እንዲሁ ለማወቅ» አልከኝ። የስልሳ ዓመት ሴት ነኝ ጋሼ፤ ይኸው ጋሼ አልኩህ፣ አፌ ለምዶብኝ ነው። የስንቱን ልጅ አስተምሬ፣ ባሌን ቀብሬ፣ እናታችንን ብቻዬን ይዤ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንተ ግን ወንድ ወንድምህ ብሆን ኖሮ ደፍረህ የማታደርገውን አደረግህብኝ።

ያደረስከውን ደግሞ ስማ። አለምብርሃን ያለው በመጋላ ተወራ። በድሩ በማግስቱ ለሰምሰም ገንዘቡን በእጁ የያዘ ሌላ ገዢ ወሰደላት፤ ከእኔ በላይ የሚከፍል። ልጆቿ ከጅቡቲ እየደወሉ «ለአስተማሪዋ ቀብዷን እጥፍ አድርገሽ መልሺና ለሱ ሽጪ፣ አሁንም ታተርፊያለሽ» ይሏታል።

እውነቱን ነገርኳት። «ገንዘቡ ዛሬ የለኝም። ቤቴ አልተሸጠም። ቀኑ ግን አልደረሰም» አልኳት። መስመሩን አሳየኋት። የነሐሴውን ቀን፣ ከማዶ ቆሜ ያየሁትን ሁሉ ነገርኳት። አንሶላ ታሰጣ የነበረችውን ሴትም ሳይቀር።

እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ እማዬ አጠገብ አልጋው ላይ ተቀመጠች። «ሆዮ» ትላታለች፣ እናቴ እንደማለት ነው። እጇን ያዘችና ምን አለች መሰለህ?

«ያንቺ ወንድም ቤት አትግዢ ይልሻል። የኔ ልጆች ቤት ሽጪ ይሉኛል። እኛን ማን ጠየቀን?»

እማዬ ቀበል አድርጋ «እኔንማ ሐይቅ ዳር ሊወስዱኝ ነበር» አለቻት። ሦስታችንም ሳቅን። እኔ ስስቅ እንባዬ መጣ፤ ይህን የምጽፍልህ እንድታዝንልኝ አይደለም፣ እንድታውቀው ነው።

ስትነሳ «እስከ ቀኑ ቃሌ ቃል ነው» አለችኝ። «ከቀኑ ካለፈ ግን ልጆቼን መመለስ አልችልም።»

ቀኑ ሳይደርስ ሌላ ሰው እንዳትልክ። ብትልክ ግን እናትህን ለማየት ስትመጣ እኔን ሳታስፈቅድ በሩን አታልፍም።

እፀገነት


ሐዋሳ፣ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእፀገነት

ለአለምብርሃን ከእንግዲህ ወደዚያ እግሩን እንዳያነሳ ነግሬዋለሁ። የሄደው በእኔ ትእዛዝ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ አይደለም። የማቀርበው ሰበብ የለኝም፤ ይቅርታ የሚባለውን ግን እጠይቅሻለሁ። እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም፤ እንዲሁ ነው መሰለኝ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ካሻሽ ቅደጂው። እማዬን ላኪያት እያልኩ የጨቀጨቅኩሽ ለእሷ ብዬ ብቻ አልነበረም። እዚህ ማንም ክፉ አልሆነብኝም። ግን ከማይሰማ ሰው ጋር የሚያወራ የለም። ልጄ የምትፈልገውን በጣቷ ታሳየኛለች፤ ባሏ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ቀኑን ሙሉ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እማዬ ብትሆን ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ እስክሰማት ትነግረኝ ነበር። እሷን ፈልጌ ነው። አንቺ ቤት ከገዛሽ እንደማትመጣልኝ ገባኝና ቤቱን ጠላሁት።

ከጡረታዬ ያስቀመጥኳት ገንዘብ አለች። በባንክ ልኬልሻለሁ። ያንሳል፤ ግን ውሰጂውና ቤቱን ግዢ።

ወንድምሽ ጉግሳ


ድሬዳዋ፣ ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ፣ እንደምን አለህ?

ደብዳቤህን ለእማዬ አነበብኩላት። ሁለተኛ አስነበበችኝ። ከዚያ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች፤ ተውኳት።

ገንዘብህን መልሼ ልኬልሃለሁ፤ ባንክ ስትሄድ ታገኘዋለህ። አትቀየመኝ። ይቅርታህን ተቀብያለሁ፣ ገንዘብህን ግን አልቀበልም። ብቀበልህ ነገ ሳሎኑ ውስጥ ቆመህ ወንበሩን የት እንደማስቀምጥ ታዘኛለህ። እኔ አውቅሃለሁ።

አሁን የሆነውን ልንገርህ። ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ናሲር የሚባል ሰው በሬን አንኳኳ። ደላላ አልላከውም።

«ቤትሽ ውሃ ይገባል ሲሉ ሰምቼ ነው የመጣሁት» አለኝ። የሚቀልድብኝ መሰለኝ። ብሎኬት አምራች ነው። የሚፈልገው ግቢውን ነው፤ አሸዋውን ወንዙ ራሱ ደጁ ድረስ ያመጣለታል። ለኑሮ የሚሆን ቤት ቢሆን ዋጋው ለሱ የሚቀመስ አልነበረም። ከሑዳ በኋላ ወሬው በከተማው ተዳርሶ፣ «አስተማሪዋ ራሷ ውሃ ይገባል እያለች ገዢ ታባርራለች» ተብሎ ነው እሱ ጋ የደረሰው።

«ማታ ማን ያድርበታል?» አልኩት።

«ማንም። ሠራተኛ ጠዋት ገብቶ ማታ ይወጣል። ጥበቃ ብቻ ነው የሚቀረው።»

«ጥበቃውስ ሰው አይደለም?»

ፈገግ አለ። «አቦ ቲቸር፣ ቤት እየሸጥሽልኝ ነው ወይስ ሕግ እያወጣሽልኝ?»

«ሁለቱንም።»

የጥበቃውን ክፍል ከፍ ባለ ቋሚ ላይ ሊሠራ ተስማማ። ውሉ ላይ ይጻፍ አልኩ፤ ተጻፈ። ጸሐፊው እየሳቀ ነው የጻፈው።

ዋጋው ግን ከጠበቅኩት አነሰ። የሰምሰምን ቀሪ አይሞላም። ይህን ይዤ ዳገቱን ወጣሁ። ለመለመን አልነበረም፤ ያለኝን ነግሬያት፣ ካልሆነ ቀብዴን ትቼ ልመለስ ነበር።

ሰምሰም ከዛፉ ሥር ተቀምጣ ሻንጣዋ አጠገቧ ነው። ግማሹ ታሽጓል፣ ግማሹ ተዘርግፏል። ሰማችኝና ሻንጣውን በእግሯ ገፋ አደረገችው።

«ወላል፣ ጅቡቲ ሄጄ የልጄን ሚስት ፊት ስጠብቅ ልኑር?» አለች። «ከኋላ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ለኔ ተዪልኝ። እስክሞት ልኑርባቸው። የጎደለሽ የነሱ ዋጋ ይሁን።»

«ልጆችሽስ?»

«ልጆቼ ቤት ሽጪ አሉኝ፣ ሸጥኩ። ነይ ያሉኝን ግን አልሰማሁም።»

እንዲህ ሆነ። ውሉ ላይ በሕይወት እስካለች ድረስ ሁለቱ ክፍሎች መኖሪያዋ እንዲሆኑ ተጽፏል። ፈርመን ስንወጣ ትልቁ ልጇ ከጅቡቲ ደወለ። ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ይዛ፣ ድምፁ መንገዱን እስኪሞላ አስጮኸችው፤ ሲደክመው «ሃዬ፣ ሃዬ» ብላ፣ እሺ እሺ እንደማለት ነው፣ ዘጋችው።

እማዬን ዐብዲቃድር በአይሱዙው አጓጓዛት። በዚህኛው ጊዜ ከፊት፣ ሹፌሩ ጎን ነው የተቀመጠችው። የፈራኸው ጠባብ መንገድ መኪናው ከቆመበት ጥቂት ነበር፤ የሰፈሩ ወጣቶች ከነወንበሯ አንስተው አስገቧት። «እንደ ንግሥት» አለች። በድሩም መጥቶ ነበር፤ ያልሠራበትን ኮሚሽን ሊጠይቅ። ሰምሰም አናገረችው። በሶማሊኛ ስለነበር ምን እንዳለችው አልገባኝም፤ ሲወጣ ግን ጫማውን ሳያስር ነው የወጣው።

እህትህ እፀገነት


ሐዋሳ፣ ሐምሌ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለእፀገነት

ገንዘቡ ደርሶኛል። ቆጭቶኛል። ልክ ነሽም።

ዋጋ ቀንሰሽ ሸጥሽ፤ ሌላ ሴት ያለችበትን ቤት ገዛሽ። እኔ ብሆን አላደርገውም። ልጄ ደብዳቤሽን አንብባ በጣቷ አንድ ነገር አሳየችኝ፤ ጎበዝ ማለቷ ነው። እኔም እንደዚያው ብያለሁ ብለሽ ቁጠሪው።

ክረምቱ እንዴት ነው? እውነት ውሃ አይደርስባችሁም? ዜና ላይ ድሬዳዋ የሚል ባየሁ ቁጥር እነሳለሁ።

ሌላም ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር። ከፊት አራት ክፍል ነው ብለሽኝ ነበር። አንቺ አንድ፣ እማዬ አንድ፣ ሳሎኑ አንድ። አራተኛው ለማን ነው?

ወንድምሽ ጉግሳ


ድሬዳዋ፣ ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼዬ፣

ይህ ደብዳቤ ሳይደርስህ ዜናውን አይተህ ይሆናል። አዎ፣ ደቻቱ ትናንት መጣ። ደህና ነን። ይህን መጀመሪያ የጻፍኩት ቀሪውን ተረጋግተህ እንድታነብ ነው።

ከቀትር በኋላ ነበር። ጩኸቱን ስሰማ እግሬ በራሱ ተነሳ፤ እማዬን ላነሳት ሮጥኩ። ክፍሏ ስደርስ የለችም። በረንዳው ላይ ከሰምሰም ጋር ተቀምጣለች፤ ሁለቱ ድንች ይልጣሉ፣ አንዷ ወፍራም ልጣጭ ታወጣለች ብላ ሌላዋ ትጨቃጨቃለች። አንዳቸውም ቀና አላሉም። «እማዬ፣ ውሃው መጥቷል» አልኳት። «ይምጣ» አለችኝ። «እዚህ ማን ጠራው?»

ከግቢው ጫፍ ቆሜ ቁልቁል አየሁት። ያው ውሃ ነው። የድሮ ቤቴን ግድግዳ አልፎ ገባ። ናሲር ማታ ደወለልኝ፤ ጥቂት ሲሚንቶ ተበላሽቶበታል፣ ሠራተኞቹ ግን በጊዜ ወጥተዋል። ጥበቃው ከፍ ብሎ ከክፍሉ ሆኖ በስልኩ ሲቀርጸው ነበር አለኝ። ሌሎች ሰፈሮች ግን ተጎድተዋል። ዛሬ ጠዋት ሰምሰም አንሶላዎቿን በሙሉ አውጥታ ወስዳላቸዋለች፤ እኔም አብሬያት ወርጄ ነበር። አሁን ነው የተመለስኩት፣ እግሬ ጭቃ ነው።

አራተኛውን ክፍል ጠይቀሃል። ባዶ ነው። አልጋ አስገብቼበታለሁ። እማዬ ፊትህን በሁለት እጇ ልትይዘው ትፈልጋለች። ሰምሰምም ስታወራ እስከ ጅቡቲ ነው የሚሰማው፤ አንተም ሳትሰማት አትቀርም።

ስለዚህ ና። ግን ልነግርህ የምፈልገው አለ። ልትጠብቀን ከሆነ አትምጣ፤ ጠባቂ አልፈለግንም። ልትፈትሸንም አትምጣ። አለምብርሃንን ይዘህ አትምጣ፤ ካመጣኸውም ካፖርቱን ያውልቅ። ከአውቶቡስ ስትወርድ ለባጃጁ ሾፌር «መጋላ፣ ዳገቱ ጋ፣ የእፀገነት ቤት» በለው። የሻምበል ጉግሳ እህት ቤት እንዳትለው፤ እንደዚያ ብለህ ብትጠይቅ ማንም አያሳይህም።

ቤቱ የእኔ ነው ጋሼ። በሩን የምከፍትልህ እኔ ነኝ።

እህትህ እፀገነት